ዮሴፍ ከግብፅ ተመልሶ ለምን ናዝሬት ገባ? ስለ ስደት፣ ስለ ማንነትና አገር ስለ መግባት

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት አርባ ቀናት ወርኃ ጽጌ ይባላሉ። ምድር በአበባ በምታጌጥበት በዚህ ወራት ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ሲቆሙ ያነጋሉ፤ ምእመናንም የፈቃዱን ጾም እንደየአቅማቸው ይጾማሉ። ከዚያም ኅዳር 6 ቀን የደብረ ቁስቋም በዓል ይከበራል። በዓሉ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን አዝላ፣ ከአረጋዊው ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷ፣ በቁስቋም ተራራ ማረፏና ከስደት መመለሷ የሚታሰብበት ነው።

በበዓሉ ዋዜማም ሆነ በዕለቱ በየዐውደ ምሕረቱ የሚሰበከው በአብዛኛው ስለ መሄዱ ነው። ስለ ሄሮድስ ቁጣ፣ ስለ በረሃው ጥምና ረኀብ፣ በመንገድ ስለ ገጠሙት ሽፍቶች ይነገራል። ስለ መመለሱ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ወንጌላዊው ማቴዎስ በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ የጻፈውን በጥሞና ላስተዋለ ሰው፣ የመመለሱ ታሪክ ከመሄዱ ያላነሰ ትምህርት አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ተገልጦ ሕፃኑን የሚፈልጉት መሞታቸውን ነገረው፤ ወደ እስራኤልም አገር እንዲገባ አዘዘው። ዮሴፍም ሳይዘገይ ተነሣ። ነገር ግን በመንገድ ሳለ፣ በይሁዳ ላይ በሄሮድስ ፋንታ ልጁ አርኬላዎስ መንገሡን በሰማ ጊዜ ወደዚያ መሄድን ፈራ። ስለዚህም በሕልም ተረድቶ ፊቱን ወደ ገሊላ አዞረና በናዝሬት ከተማ ተቀመጠ።

ዮሴፍ የፈራው በከንቱ እንዳልነበረ የዘመኑ ታሪክ ያስረዳል። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፎስ እንደ መዘገበው፣ አርኬላዎስ በአባቱ ዙፋን በተቀመጠ ሰሞን በፋሲካ በዓል ለመሥዋዕት ከተሰበሰበው ሕዝብ ሦስት ሺህ ያህሉን በወታደር አስፈጅቷል። ሮማውያንም ከዐሥር ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከሥልጣኑ ሽረው አግዘውታል። በሌላ በኩል ገሊላን የሚገዛውም የዚያው የሄሮድስ ልጅ አንቲጳስ ነበር። እንግዲህ ዮሴፍ የመረጠው ፍጹም ሰላም ካለበት ሥፍራ ሳይሆን፣ ከሁለት ክፉዎች መካከል ልጁን ሊያሳድግበት የሚችለውን ነው። አገሩን አልካደም፤ ወደ አገሩ ገብቷል። ይሁን እንጂ ወደ ወጣበት ደጃፍ አልተመለሰም።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን መነሻ አድርገን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። በጦርነት ምክንያት ከአገሩ የወጣ ሰው ወደ አገሩ ለመመለስ ወይም ላለመመለስ የሚቆርጠው በምን መዝኖ ነው? የአገር ፍቅርና ማንነትስ በዚህ ሚዛን ላይ የሚቀመጡት በየትኛው ወገን ነው? ጥያቄው ሩቅ አይደለም። የገዛ አገራችን ታሪክ በአንድ ምእት ዓመት ውስጥ ደጋግሞ አንሥቶታል።

አገር ከካርታ ሲፋቅ

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው በሐይፋ በኩል ኢየሩሳሌም ገቡ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማዋን ያዘ። ሙሶሊኒም ግንቦት 1 ቀን የኢጣልያ ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ እንዲጠራ ዐወጀ።

በዚያው ወር መጨረሻ የወጣው የኢጣልያ ሕግ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር አጣምሮ የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪቃ በሚል ስም አምስት ግዛት አድርጎ ከፋፈላት። ትግራይ ወደ ኤርትራ፣ ኦጋዴን ወደ ሶማሊያ ተቀላቀለ። በዚህ ሕግ መሠረት የአገሩ ተወላጅ ተገዢ እንጂ ዜጋ አልነበረም። ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ሥፍራ አጣ።

የዚያን ዘመን ስደተኛ ችግር ከዚህ ይጀምራል። ቤቱንና ርስቱን ብቻ አይደለም ያጣው፤ የወጣባት አገር የለችም ተብሎበታል። ስደተኞቹ በኢየሩሳሌም፣ በሱዳን፣ በጅቡቲ፣ በእንግሊዝ ሶማሊላንድ፣ በኬንያና በግብፅ ተበትነው ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት ቀደምት ነገሥታትና መኳንንት ለገዳሙ ባሠሯቸው ቤቶች ተጠጉ፤ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም ይጸልዩ ነበር። እቴጌ መነን ከስደቱ ዘመን አብዛኛውን ያሳለፉት በዚያች ቅድስት ከተማ ነው። በደቡብ በኩል ድንበር የተሻገሩትን ብዙ ሺህ ሰዎች ደግሞ የኬንያ አስተዳደር በመጀመሪያ ኢሲዮሎ በተባለች ደረቅ ሥፍራ፣ ኋላም በኪሊማንጃሮ ተራራ አጠገብ ባለችው በታቬታ ሠፈር አስቀመጣቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ፣ ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው ተቀመጡ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውና የዘመኑ ታላቅ ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በዚያው ቤት ዐረፉ። አገራቸውን በሕይወት ለማየት አልታደሉም። አፅማቸው የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

አገር ከካርታ መፋቅ ማለት በተግባር ምን እንደ ነበረ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው የእንግሊዝ የቴሌግራም ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በነበረው ውል መሠረት የሚፈለግበት ከ10,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ላይ ከስሰው በ1930 ዓ.ም. መጨረሻ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ። ኩባንያው ይግባኝ ባለበት ጊዜ ግን፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ በሕግ ተቀበለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመንግሥቱ ሀብት ለኢጣልያ ንጉሥ ተላልፏል በማለት ክሱን ሻረው። ገንዘቡ ያው ገንዘብ፣ ውሉም ያው ውል፣ ከሳሹም ያው ሰው ነበሩ። የተለወጠው ኢትዮጵያ የምትባል አገር አለች ወይስ የለችም የሚለው ብቻ ነው።

በማን ስም ልግባ?

እንግዲህ በኢየሩሳሌም በቤተ ክርስቲያን ጥግ፣ በታቬታ በሽቦ አጥር ውስጥ የተቀመጠው ስደተኛ ልመለስ ባለ ጊዜ የሚገጥመው ጥያቄ መንገዱ ይከፈታል ወይ የሚል ብቻ አልነበረም። ዋናው ጥያቄ በማን ስም ልግባ የሚለው ነው። የኢጣልያ መንግሥት ለሚገብሩ ሰዎች ምሕረት እንደሚያደርግ ያስነግር ነበር። በ1930 ዓ.ም. ዱክ ዳኦስታ በግራዚያኒ ፋንታ እንደራሴ ሆኖ ከተሾመ ወዲህ ደግሞ፣ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ የቆሰለውን ሕዝብ ለማባበል የለዘበ አገዛዝ ተሞከረ። ስለዚህ በሩ ጨርሶ የተዘጋ አልነበረም። ነገር ግን የሚገባበት ሰው የኢጣልያ ተገዢ ሆኖ መግባት ነበረበት።

ድህነት፣ የልጅ ረኀብና የዘመድ ናፍቆት ያሸነፋቸው ገብተዋል። በእነርሱ ላይ ከዚህ ሩቅ ተቀምጠን ለመፍረድ አንችልም። የቀሩት ግን የቀሩት አገራቸውን ስላልወደዱ ሳይሆን ስለ ወደዱ ነበር። ይህን በሚገባ ማስተዋል ያስፈልጋል። እንደ ተለመደው አስተሳሰብ የአገር ፍቅር የሚለካው በመመለስ ነው። በዚያ ዘመን ግን ከአገር ውጭ በችግር መቆየት ራሱ የአገር ፍቅር ምስክር ሆኖ ነበር። መመለስ ማለት አገሪቱ የለችም የሚለውን የጠላት ቃል በገዛ እጅ መፈረም ነበርና።

የማንነት ጉዳይ ከትውልድ ሥፍራና ከወረቀት በላይ መሆኑን ከሚያሳዩት አንዱ የሎሬንሶ ታእዛዝ ታሪክ ነው። እኒህ ሰው የተወለዱት በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው በኤርትራ፣ በአከለ ጉዛይ ነው፤ ስለዚህ በጠላት ሕግ የኢጣልያ ተገዢ ነበሩ። እርሳቸው ግን በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ገብተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፣ በመንግሥታት ማኅበርም ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን በኩል በምስጢር ጎጃም ገብተው ከአርበኞች ጋር ተገናኝተው ተመለሱ። በኬንያ ከተጠለሉትም መካከል የኢጣልያን ጦር ከድተው የወጡ ብዙ ኤርትራውያን ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ማን እንደ ሆኑ የወሰነላቸው የተሰጣቸው መታወቂያ አልነበረም።

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሣይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ለስደተኛው የመመለሻው መንገድ በሌላ ስም ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ በግብፅ በኩል ካርቱም ገቡ። በታቬታ ሠፈር የቆዩት ሰዎችም መሣሪያ ታድሏቸው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ሆነው ተደራጁ። ይህ የስደተኞች ሻለቃ ከኬንያ ወደ ሱዳን ተጉዞ፣ ከዚያም ጎጃም ገብቶ፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ በቡሬና በደምበጫ መካከል በቁጥር እጅግ ከሚበልጠው የጠላት ጦር ጋር ገጥሞ ብዙ ሰው መሥዋዕት ሆኖበታል። ለእነዚያ ሰዎች አገር መግባትና መዋጋት አንድ ነገር ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ሚያዝያ 27 ቀንም፣ ጠላት ከተማዋን በያዘ በልክ በአምስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ገቡ።

አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ

የስደት ታሪክ ግን በመግቢያው ዕለት አያበቃም። እንዲያውም ከባዱ ምዕራፍ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የአገራችን ሰው ባለፈው አምስት ዓመት በነበረበት ሥፍራ ተመዝኖ ሦስት ስም ወጣለት፤ በዱር በገደል የተዋጋው አርበኛ፣ ከአገር የወጣው ስደተኛ፣ ለጠላት ያደረው ባንዳ ተባለ። ከሦስቱ ውጭ የሆነው አብዛኛው ገበሬ፣ ግብር ከፍሎ፣ ለአርበኛም በሌሊት ስንቅ አቀብሎ የኖረው፣ ስም እንኳን አልወጣለትም።

አርበኛው ስደተኛውን አገር በጨነቃት ጊዜ የት ነበርክ ይለው ነበር። ስደተኛው ደግሞ የኢትዮጵያን ስም በዓለም ፊት ያስጠራሁት፣ ድጋፉንም ያስገኘሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር መውጣታቸውን አጥብቀው የተቃወሙት ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ይህን ቅሬታቸውን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተዉትም፤ ስለዚሁም ደጋግመው ታስረዋል። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ለጠላት ሳይንበረከክ አምስቱን ዓመት ከተዋጋ በኋላ፣ ከነጻነት በኋላ በተነሣው ጠብ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ከጦርነት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አገሪቱ የማን ናት የሚል መሆኑን ነው።

ከዚሁ ጋር ደግሞ ከስደት የተመለሱት ይዘውት የመጡት ጥቅም ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ተመለሱ። ወገናቸውን ማገልገል በጀመሩ በዓመቱ፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ በለቀምት ዐረፉ። ሆስፒታል በስማቸው የተሠራው ለዚህ መታሰቢያ ነው። አንዱ በመዋጋት ያቆያትን አገር ሌላው በተማረው ሙያ ያገለግላታል። ሁለቱን እርስ በርስ ማበላለጥ ለአገሪቱ ያተረፈላት ነገር እንደሌለ ያ ዘመን ራሱ ምስክር ነው።

በአንድ በረሃ ሁለት መንገድ

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመታት ያህል ቆይቶ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ስደት ሌላ መልክ ይዞ መጣ። በዚያን ጊዜ የነበረው ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት ተደራርበው ወደ 200,000 የሚጠጋ የትግራይ ገበሬ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ፣ በሌሊት እየተጓዘ፣ ቀን ቀን ከአውሮፕላን እየተሸሸገ፣ በእግሩ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። ወድ ኮውሊን በመሳሰሉ ሠፈሮች በበሽታና በውኃ እጦት ብዙ ሕዝብ አለቀ።

በዚህ ላይ የሆነው ነገር የረድኤት ድርጅቶችን ሁሉ አስገርሟል። ጦርነቱ ሳያበቃ፣ ድርቁም ማብቃቱ በእርግጥ ሳይታወቅ፣ ስደተኞቹ ግንቦትና ሰኔ በደረሰ ጊዜ እንመለስ አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጊዜው ገና ነው፣ መንገዱም አደገኛ ነው በማለት መመለሱን አልደገፈም። ገበሬዎቹ ግን የሚጠብቁት የሰላም ስምምነት ሳይሆን ክረምቱን ነበር። ዝናቡ ካመለጣቸው መሬቱ ጦም ያድራል፤ መሬቱ ጦም ካደረ ደግሞ የሚመለሱበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል። የትግራይ ረድኤት ማኅበር እያስተባበራቸው በዚያው ክረምት ዋዜማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በእግራቸው ተመለሱ። እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም ከ150,000 የማያንሱት ገብተዋል። ሁልጊዜም የሚወጣው ቤተሰቡ በሙሉ አልነበረም። አባወራው ቀድሞ ገብቶ ያርሳል፤ እናትና ሕፃናት የሠፈሩን ራሽን ይዘው ይቆያሉ፤ አዝመራው ሲያዝ ይከተላሉ።

በዚያው ወቅት፣ በዚያው የሱዳን ምድር፣ ኡም ራኩባ በተባለው ሠፈር ሌሎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚህ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው የመጡት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። እነርሱ የሚጠብቁት ክረምትን አልነበረም። ፊታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ነበር፤ ወደዚያ መሄዱንም መሰደድ ሳይሆን ከአባቶቻቸው ስደት መመለስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተደረገው የአውሮፕላን ጉዞ ከ6,000 የሚበልጡት እስራኤል ገቡ። በመንገድና በሠፈር ያለቁት በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

እንግዲህ በአንድ በረሃ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ረኀብ የተመቱ ወገኖች አንዱ ወደ ደጋው ማሳ፣ ሌላው ወደ ጥንት አባቶች ከተማ ተመለስኩ ይላል። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም ስደተኞች ናቸው። መመለስ የሚለውን ቃል ትርጉም የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ማንነት በልቡ የያዘው ነው። ከቤተ እስራኤል ወገን ዛሬም በእስራኤል የቀበሌውን ስም እየጠራ የሚናፍቅ አረጋዊ መኖሩ ደግሞ፣ ሰው ሁለት አገር በአንድ ልብ ሊይዝ እንደሚችል ያመለክታል።

የዛሬው ቤት

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ከ60,000 በላይ ሰዎች የተከዜን ወንዝ ተሻግረው ሱዳን ገቡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የተጠለሉት በዚያው በኡም ራኩባ ነው። ጦርነቱን ለማቆም በፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጦርነት በሱዳን በራሷ ላይ ተነሣ። ትናንት አስጠጊ የነበረው ሱዳናዊ በመተማና በኩርሙክ በኩል የእኛን ደጅ አንኳኳ። በዚያ ተጠልሎ የነበረው ኢትዮጵያዊም ሁለተኛ ስደት ገጠመው፤ የግድ የተመለሰ አለ፣ መመለሻ ያጣም አለ።

በዚህ ጊዜ በየቤታችን የሚነሣው ጥያቄ ተራ ይመስላል። በበዓል ቀን ስልክ ይደወላል። እናት በዚህ በኩል፣ ልጅ በዚያ በኩል ሆነው የእንኳን አደረሳችሁ ምኞታቸውን ከተለዋወጡ በኋላ እናት ልጄ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች። ጥያቄው ከናፍቆት የመነጨ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ሳናውቀው ወቀሳ ይሆናል። ሰላም ሆነ ተብሏል፤ እነ እገሌ ገብተዋል፤ አንተስ አገርህን ረሳህ ወይ የሚል ነገር ይጨመርበታል። ልጅ በዚያ በኩል ዝም ይላል። ዝም የሚለው ስለ ረሳ ላይሆን ይችላል። ቤቱ ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል፤ ጎረቤቱን በምን ዐይን እንደሚያየው ጨንቆት ይሆናል፤ ከወጣ በኋላ የተወለደው ልጁ የአባቱን ቋንቋ አጥርቶ አይናገር ይሆናል። ወይም እንደ ዮሴፍ፣ በዚያ ሥፍራ ማን እንዳለ ሰምቶ ፈርቶ ይሆናል።

በተቃራኒው ደግሞ የተመለሰውን የምንቀበልበት መንገድ አለ። ምን ይዘህ መጣህ፣ የት ነበርክ፣ ከማን ጋር ነበርክ የሚሉት ጥያቄዎች በ1933 ዓ.ም. ቤት ለቤት የተጠየቁት ናቸው። ባዶ እጁን የገባውን ሰው ስደቱ ካደረሰበት ጉዳት የማያንስ ጉዳት ያደርሱበታል። ካገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ እንደ ጋማ ከብት ቢጭኑትና ቢለጉሙት ይችላል የሚል የቆየ ብሂል አለን። ከተመለሰ በኋላም መልሰን የምንጭነውና የምንለጉመው ከሆነ ግን ገና አልተመለሰም ማለት ነው።

ከላይ የተመለከትናቸው ታሪኮች በመልክ የተለያዩ ናቸው። የታቬታው ሰው በጠላት ስም አልገባም ብሎ ቆየ፤ በራሱ ስም የሚገባበት ቀን ሲደርስም ነፍሱን ለመስጠት አላመነታም። የትግራይ ገበሬ ሰላም ሳይጠብቅ ተመለሰ፤ ማሳው ያለ እርሱ፣ እርሱም ያለ ማሳው ማንነት እንደሌላቸው ያውቅ ነበርና። በሁለቱም ዘንድ ሰውን የሳበው በጠቅላላው አገር የሚለው ቃል ሳይሆን፣ እኔ ነኝ ብሎ የሚቆምበት ሥፍራ ነው፤ ማሳው፣ ደብሩ፣ የአባቱ መቃብር፣ በስሙ የሚጠራው ጎረቤት። ይህ ሥፍራ ካለ ሰው አደጋ እያየም ይመለሳል። ከሌለ ግን መንገዱ ቢጠረግና ስምምነቱ ቢፈረምም ይዘገያል።

ስለዚህ የአንድን ሰው አገር ወዳድነት በተመለሰበት ቀን መለካት አይገባም። የቀደመው ከዘገየው አይበልጥም፤ የዘገየውም ከቀደመው አያንስም። የማዕዱ ባለቤቶች የሆንነው እኛ ማድረግ የሚገባን ግን አለ። ይኸውም ሥፍራውን መጠበቅ ነው። ለሄደው ሰው የመሬቱን ወሰን አለመግፋት፣ ቤቱን ይዞ ለቆየ ሰው መያዣ እንጂ ርስት እንዳልሆነ ማስታወስ፣ በዕድርና በማኅበር መዝገብ ስሙን አለመሰረዝ፣ በተመለሰም ጊዜ ከጥያቄ አስቀድሞ ውኃ ለእግሩ ማቅረብ ነው። ሌላ ቋንቋ እየተናገረ በመተማ በኩል የገባውንም እንግዳ፣ ትናንት እኛን ያስጠጋንን፣ እንዲሁ መቀበል ነው።

የናዝሬት ሰዎች ዮሴፍን በተቀበሉ ጊዜ ማንን እንደ ተቀበሉ አላወቁም። ከግብፅ የመጣ አንድ አናጢ፣ እናትና ሕፃን ይዞ፣ ቤት ፈልጎ መጣ፤ እነርሱም አስገቡት። ሕፃኑ በመካከላቸው አደገ፣ ናዝራዊም ተብሎ በከተማቸው ስም ተጠራ። በዛሬው በዓል ማዕድ ስንቀመጥ፣ በዚህ ቤት ሊኖር ሲገባው በሌላ አገር ያለውን ወገናችንን አስበን ጸሎት እናድርግ። ስልክ በደወለ ጊዜም መቼ ትመጣለህ ከማለታችን በፊት ቦታህ አለ እንበለው።

ስደተኞችን ሁሉ ወደየሚያርፉበት ያድርስልን። መልካም በዓል።